«ባሸሁት ቁጥር አመድ ይመስላል»፦ አይሻዶ ለምን ይቆሽሻል?

ጥያቄው ይሄ ነው፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«በጥር ለእህቴ ሠርግ ሚዜ ነኝ። ሜካፔን ራሴ ነው የምሠራው። ችግሬ አይሻዶው፣ ማለትም የዓይኔ ቆብ ላይ የምቀባው ቀለም ነው። ቀለሞቹ ተለይተው አይታዩም፣ ሁሉም ተደባልቆ አመድ ይመስላል። ቪዲዮ ላይ ሁሌም 'ብሌንድ አድርጊ፣ ብሌንድ አድርጊ' ይላሉ፤ እኔ ግን ባሸሁት ቁጥር ይብሳል። ሁለት ሰዓት ሳይቆይ ደግሞ የዓይኔ ቆብ እጥፋት ውስጥ መስመር ሠርቶ ይሰበሰባል። ከሥር ቫዝሊን ነገር እቀባለሁ፣ እንዲይዝልኝ ብዬ። ቆዳዬ ጠይም ነው። ፓሌቴ 35 ቀለም አለው፣ መርካቶ 'ኦሪጅናል ነው' ተብዬ የገዛሁት ነው። ብራሽ አንድ ነው ያለኝ። የሚዜ ቀሚሳችን አረንጓዴ ስለሆነ ሰማያዊና ብርቱካናማ አድርጌ ጫፉን በጥቁር ልዘጋው አስቤያለሁ። የቱን ፓሌት ብገዛ ይሻለኛል?»

አዲስ ፓሌት አትግዢ። ቢያንስ አሁን አትግዢ። ከጻፍሽው ውስጥ ፓሌቱ ጥፋተኛ የሆነበት ነገር ጥቂት ነው። የቀረው የእጅሽ፣ የብራሽሽና ከሥር የምትቀቢው ነገር ችግር ነው። እሱን ሳታስተካክዪ በጣም ውድ ፓሌት ብትገዢም ያው አመድ ይሆንብሻል፣ ገንዘብሽም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ «ብሌንድ»፣ ማለትም ማዋሃድ፣ የሚለውን ቃል እናስተካክል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቪዲዮ ላይ የምታያት ልጅ ብራሿን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ ቀለሙን በሙሉ የምታሸው ይመስልሻል። አይደለም። የምትነካው ጠርዙን ብቻ ነው። ቀለሙ አልቆ ቆዳ የሚጀምርበትን ቦታ፣ ወይም አንዱ ቀለም ከሌላው የሚገናኝበትን ድንበር። መሀሉን አትነካውም፣ እንደተቀመጠ ይቀራል። አንቺ ግን ቆቡን ከዳር እስከ ዳር ስታሺው የሚጠፋው ድንበሩ ብቻ አይደለም፣ ቀለሞቹም ናቸው። ሦስቱ ቀለም አንድ ይሆናል፣ ያ አንዱ ደግሞ ግራጫ ነው። ስለዚህ «ባሸሁት ቁጥር ይብሳል» ያልሽው እውነት ነው። በዚህ አካሄድ መባሱ አይቀርም።

ግራጫ የሚሆነው ለምን እንደሆነ ከገባሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። አንዳንድ ቀለሞች ሲደባለቁ ይጠፋፋሉ። ብርቱካናማ ከሰማያዊ ጋር፣ ቀይ ከአረንጓዴ ጋር፣ ቢጫ ከሐምራዊ ጋር። ልጆች ሆነን በውሃ ቀለም ስንሥል ሁሉንም ስናደባልቅ ጭቃ የሚሆንብን በዚህ ምክንያት ነው። አንቺ ደግሞ የመረጥሽው ሰማያዊና ብርቱካናማ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጠፋፉትን ሁለቱን። እነዚህ ጎን ለጎን ሳይነካኩ ቢቀመጡ በጣም ያምራሉ፣ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። እላዩ ላይ ስታሺው ግን ጭቃ ነው። በቀስተ ደመና ላይ ጎረቤት የሆኑ ቀለሞች ግን አይጣሉም፤ ቢጫ ከብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሐምራዊ። ጎረቤት ቀለሞችን ብታሺያቸውም መሀላቸው ላይ የሚፈጠረው ሌላ ቆንጆ ቀለም ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ሙሽራ ልክ እንዳንቺ ሰማያዊና ብርቱካናማ ጠይቃኝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ጠርጌ እንደገና ጀምሬያለሁ። በሦስተኛው ነው ሁለቱን መነካካት እንደሌለባቸው የገባኝ። መሀላቸው ላይ ወርቃማ አስገብቼ ለየኋቸው፣ ያኔ ተስተካከለ። ያን ቀን ግን ሙሽራዋ ሰዓት እያየች ስትጨነቅ ማየት በጣም ከብዶኝ ነበር፣ አንቺ በእህትሽ ሠርግ ቀን እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

ሁለተኛው የአመድ ምንጭ ነጭ ነው። ፈዘዝ ያሉ ማት (የማያብረቀርቁ) ቀለሞች፣ ማለትም ክሬም፣ ሐመር ሮዝ፣ ሐመር ቡናማ የሚባሉት፣ የሚነጡት ውስጣቸው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ነጭ ቀለም ስላለ ነው። አብዛኛው የአይሻዶ ዱቄት ደግሞ ታልክና ማይካ የሚባሉ ማዕድኖች ናቸው። በጠይም ቆዳ ላይ ይሄ ነጭ ጎልቶ ይወጣና ከሥሩ ካለው ሞቅ ያለ ቆዳ ጋር ሲገናኝ ግራጫ ይመስላል። ፓሌቱ ውስጥ «የቆዳ ቀለም» ብለሽ የምታስቢው የሌላ ሰው ቆዳ ቀለም ነው፣ ያንቺ አይደለም። ጥቁርም እንደዚሁ ነው። ጥቁር አይሻዶ በስሱ ሲበተን ብዙ ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጠይም ቆዳ ላይ የተመታ ዓይን ያስመስላል። ከቆዳሽ በጣም የነጣ ኮንሲለር (ጉድለት መሸፈኛ ክሬም) ከሥር ከቀባሽም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ተዪና በደንብ የተቆላ ቡና የመሰለ ቡናማ ተጠቀሚ። ጥቁር መሆን ያለበት የአይላይነርሽ መስመር ብቻ ነው።

በተቃራኒው ፓሌት ውስጥ ሲታዩ የሚያስፈሩሽን ቀለሞች አትፍሪያቸው። የሸክላ ቀለም፣ የጡብ ቀለም፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ። ፓሌቱ ላይ ስታዪው «ይሄማ ብርቱካን ነው» ትያለሽ፣ ጠይም ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ለስላሳ ሞቅ ያለ ቡናማ ይሆናል። ስትሞክሪ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ አትሞክሪ፣ እሱ ከፊትሽ ይነጣል፣ ያታልልሻል። እዚያው ቆብሽ ላይ ሞክሪ።

አሁን ወደ ቫዝሊኑ። በፍጹም። ቫዝሊን ዘይት ነው፣ አይደርቅም። አይሻዶ ደግሞ ዱቄት ነው። ዱቄት ዘይት ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ በነካው ቦታ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወዲያ አልንቀሳቀስም ይላል፣ አንድ ቦታ ጠቁሮ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ሲመጣ ሁሉም ይንሸራተትና እጥፋቱ ውስጥ ይሰበሰባል። መስመር ሠራብኝ ያልሽው ይሄን ነው። ዓይን በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በአንድ ሰዓት 900 ጊዜ፣ በ10 ሰዓት ሠርግ 9,000 ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ መከፈትና መዘጋት ቆቡ እየታጠፈ ከሥሩ ያለውን የሚያንሸራትት ነገር ሁሉ ወደ እጥፋቱ ይገፋዋል። ቆዳው ራሱም ወዝ ያወጣል። ስለዚህ ከሥር የሚቀባው ነገር የሚደርቅ መሆን አለበት።

እንዲህ አድርጊ። ቆብሽን በጥጥና በሜካፕ ማስለቀቂያ ጥረጊው፣ ወዙ ይልቀቅ፣ ይድረቅ። የፊት ክሬምና ሰንስክሪን ቆብ ላይ አታድርሺ። የዓይን ፕራይመር፣ ማለትም አይሻዶው እንዲይዝ ከሥር የሚቀባው፣ ካለሽ የምስር ፍሬ ታህል ለሁለቱም ዓይን ይበቃል። ከሌለሽ ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚስማማ ኮንሲለር በጣም በስሱ፣ በቀለበት ጣትሽ መታ መታ እያደረግሽ። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ከዚያ ወደ ታች እያየሽ እጥፋቱ ውስጥ የተሰበሰበ ካለ በጣትሽ አስተካክዪውና ወዲያው በስሱ ፓውደር ክደኚው። ፓውደሩም የቆዳሽ ቀለም ይሁን። ጣትሽን ስታስነኪው ሳይጣበቅ እንደ ሐር ልስልስ ካለ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ይሄን ፓውደር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከብራሽ ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ብራሹ በደረቅና በለሰለሰ ነገር ላይ ሲሄድ ቀለሙ በራሱ ይበተናል፣ አንቺ መታገል አይኖርብሽም።

ብራሽ። አንድ ብራሽ ብቻ ይዞ ንጹሕ አይሻዶ መሥራት አይቻልም። በዚህ ላይ አልደራደርም። ጥቁር የነካ ብራሽ ወርቃማው ላይ ሲሄድ ወርቃማው ወርቅ መሆኑ ይቀራል። የሚያስፈልግሽ ሁለት ለስላሳና ላላ ያለ ብራሽ፣ አንድ ጠፍጣፋ ትንሽ ብራሽ ነው። ለፓሌት ያሰብሽውን ገንዘብ እዚህ ላይ አውጪው። ከሁለቱ ላላ ካሉት አንዱ ቀለም ይነካል፣ ሁለተኛው መቼም ቀለም አይነካም። ባዶውን ነው የሚሠራው፣ ጠርዝ ብቻ ያለሰልሳል። ይሄ «ባዶ ብራሽ» የሚባለው ነገር ነው በባለሙያና በጀማሪ ሥራ መሀል ያለው ልዩነት ብል አላጋነንኩም። ስትገዢ የእጅሽ ጀርባ ላይ ጫን አድርጊው፤ ፀጉሩ ሳይወጋሽ መከፈት አለበት። ስፋቱ ከትንሿ ጣትሽ ጥፍር ብዙ አይለፍ፤ ሱቅ ውስጥ በጥቅል የሚሸጡት ብዙዎቹ ለቆባችን በጣም ትልልቅ ናቸው፣ አንዴ ሲነኩ ቅንድብ ይደርሳሉ። ከፓሌቱ ጋር የሚመጣው ጫፉ ስፖንጅ የሆነው ዱላ የሚያብረቀርቅ ቀለም ለመጫን ያገለግላል፣ ለማዋሃድ ግን አይሆንም።

አሁን እጅሽ። ብራሹን እንደ እስክሪብቶ ከፀጉሩ ሥር ከያዝሽ ሳታውቂው ትጫኚያለሽ። ጫፉ ላይ ያዢው፣ ዱላው መጨረሻ ላይ። የማይመች ይመስላል፣ በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ። ፀጉሩ ሲታጠፍ ካየሽ ጫንሽው ማለት ነው። ቀለሙን ስትነኪም አትቆፍሪው። አንዴ ነካ፣ ከዚያ ዱላውን የፓሌቱ ጠርዝ ላይ መታ አድርጊና ትርፉ ይራገፍ። ሲታይ ብራሹ ላይ ምንም የሌለ መምሰል አለበት ማለት ይቻላል። ቀለም እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ሲያንስ ይጨመራል፣ ሲበዛ ግን መመለሻ የለውም። በአንድ ጊዜ ከምታመጪው ይልቅ በሦስት ስስ ዙር ብታመጪው አይቆሽሽም፣ ይቆያልም።

ብራሹ መጀመሪያ ያረፈበት ቦታ ሁሌም ከሁሉም ይጠቁራል። ይሄን ሕግ አትርሺው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያርፈው ጨለማ እንዲሆን በፈለግሽበት ቦታ ነው፣ ማለትም በጆሮ በኩል ባለው የዓይን ጥግ። ከዚያ ነው ወደ አፍንጫ እየቀነሰ የሚሄደው። ብዙ ጀማሪ መሀል ላይ ይጀምርና መሀሉ ጠቁሮ፣ ዳሩ ገርጥቶ ይቀራል።

ቦታውን ስትፈልጊ ዓይንሽን አትጨፍኚ። መስታወቱን ፊት ለፊት ቀጥ አድርገሽ እያየሽ፣ ዓይንሽ ተከፍቶ፣ ቀለሙ እንዲታይ የምትፈልጊበትን ቦታ ምልክት አድርጊ። ጨፍነሽ እጥፋቱ ላይ በትክክል ብትቀቢ፣ ስትከፍቺው ሁሉም ሊዋጥ ይችላል። ቆብሽ ወደ ታች የሚያደላ ከሆነ ቀለሙን ከእጥፋቱ በትንሹ ከፍ አድርጊው። ለእናትሽም የምትሠሪላት ከሆነ ይሄን አስታውሺ፤ ዕድሜ ሲገፋ ቆብ ይወርዳል፣ ቆዳውም ይሳሳል፣ እዚያ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም እያንዳንዷን ሽብሽብ ያሳያል። ለእናቶች ማት፣ ሁለት ቀለም፣ በቃ። ዓይንሽ ትልቅና ወጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ቆቡን በሙሉ አታብረቅርቂው፣ የበለጠ ያወጣዋል።

እንግዲህ ያልኩሽን በቅደም ተከተል ላሳይሽ፣ በሠርጉ ቀን የምትሠሪውን። በመጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ ፋውንዴሽን፣ ማለትም ፊት ላይ በሙሉ የሚቀባው የቆዳ ቀለም። ተገላቢጦሽ አታድርጊው፤ ጥቁር ብናኝ ጉንጭሽ ላይ ሲወርድ ፋውንዴሽኑን ይዞት ይጠፋል፣ ዓይንሽን መጀመሪያ ከሠራሽ ግን በጥጥ ጠርገሽ ትቀጥያለሽ። የሸክላ ቀለሙን በላላው ብራሽ ወስደሽ ከጥጉ ጀምረሽ በእጥፋቱ ላይ እንደ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ወዲያ ወዲህ አድርጊው፤ ከላይ ያለው ጠርዙ ላይ ስትደርሺ ደግሞ በትንንሽ ክብ። ከቅንድብሽ በታች የአንድ ጣት ስፋት ባዶ ቆዳ ይቅር። ቀጥሎ ባዶውን ብራሽ አንሺና ያቺን ላይኛዋን ጠርዝ ብቻ ነካ ነካ አድርጊ፣ እንደ ጭስ የት እንዳለቀች እስከማይታወቅ። ይሄ የመጀመሪያው ቀለም ሳያልቅ ጠቆር ወዳለው አትለፊ። ቸኩለው የሚያልፉት ሁሉ በኋላ ጥቁሩን ለማዋሃድ ሲታገሉ ነው የሚገኙት፣ ምክንያቱም ጥቁሩ የሚሟሟበት መካከለኛ ቀለም የለውም።

ከዚያ የተቆላ ቡና ቀለሙ። ይሄኛው በጣም በትንሹ፣ በጠፍጣፋው ብራሽ፣ ጥጉ ላይ ብቻ፣ ከቆቡ ሲሶ አይለፍ። አታሺው፣ አስቀምጪው፤ ጫን፣ አንሺ፣ ጫን፣ አንሺ። ድንበሩ ይታያል፣ ያስደነግጥሻልም፣ አትደንግጪ። አሁን የመጀመሪያውን ብራሽ፣ ያንን የሸክላ ቀለም የነበረበትን፣ ምንም ሳትጨምሪበት ድንበሩ ላይ አሂጂው። ብራሹ ላይ የቀረው ሸክላ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ካልበቃ ከሸክላው ትንሽ ጨምሪ። ልብ በዪ፣ ድንበር ሲያስቸግርሽ የሚጨመረው መካከለኛው ቀለም ነው፣ ጨለማው አይደለም። አንቺ እስካሁን ስታደርጊ የነበረው ተቃራኒውን ይመስለኛል።

የሚያብረቀርቀው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ወርቃማ ወይም ነሐስ፣ በቀለበት ጣትሽ፣ ቆቡ መሀል ላይ እየተጫነ። አይጠረግም፣ አይታሽም። የሚያብረቀርቅ ቀለም በብራሽ ከተጠረገ ፍንጣሪው ይበተናል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። ጠንከር እንዲልልሽ ከፈለግሽ ጠፍጣፋውን ብራሽ ከቡናማው በደንብ ጠርገሽ ቀለሙን ካስነካሽው በኋላ በፊት ስፕሬይ በጥቂቱ አርጥቢው። የረጠበ ብራሽ መልሰሽ ፓሌቱ ውስጥ አትክተቺ፣ ላዩ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል። የጣት ወዝም ቀስ በቀስ ያው ነው የሚያደርገው። ቀድሞውኑ ከሠራብሽ በስኮች ላዩን ጫን አድርገሽ አንሺው፣ ከሥሩ ደህና ዱቄት ይወጣል። ከዕደ ጥበብ ዕቃ መሸጫ የሚገዛ ብልጭልጭ ግን ዓይንሽ አጠገብ አይድረስ። ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዝ አለው፣ የዓይን ብሌን ይቧጭራል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ ከሜካፑ በፊት አድርጊው።

ከተበላሸብሽስ? አትጨምሪበት። ሰው ሲደነግጥ ሌላ ቀለም ይጨምራል፣ የመጨረሻው አመድ የሚመጣውም ያኔ ነው። የተበላሸው ጠርዙ ብቻ ከሆነ ባዶውን ብራሽ የቆዳሽ ቀለም ባለው ፓውደር በጥቂቱ ነክተሽ ጠርዙን አለስልሺ። ጥጉ ወርዶብሽ ከሆነ የጆሮ ጥጥ በትንሽ ማስለቀቂያ አርጥበሽ ከታችኛው ቆብ ጥግ ወደ ቅንድብሽ ጫፍ ቀጥ አድርገሽ ጥረጊ፣ እንደ ቢላ የተስተካከለ ጠርዝ ታገኛለሽ። አንዳንዶች ፕላስተር ለጥፈው ይሠራሉ፤ እዚያ ያለው ቆዳ በጣም ስስ ነው፣ ሲነሣ ያቀላል፣ እኔ አልወደውም። መሀሉ ጭቃ ከሆነ ግን አታባብዪው። ሙሉውን ጥረጊና ከኮንሲለሩ ጀምሪ። ጠርጎ መጀመር ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ጭቃ ማስተካከል ግን አያልቅም።

ስለ ፓሌትሽ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር ማለት አለብኝ። «ኦሪጅናል» የሚለው የሻጩ ቃል ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም። ጀርባውን ገልብጪና እዪ። የተሠራባቸው ነገሮች ዝርዝር አለ ወይ? የምርት ቁጥር አለው? ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ምስልና ውስጡ ቁጥር፣ ለምሳሌ 12 ኤም የሚል ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ከሌለው፣ ወይም ስትከፍቺው የቀለም ቆርቆሮ ወይም ጋዝ የሚሸት ከሆነ ዓይንሽ ላይ አታድርጊው። ደማቅ ሮዝና ሐምራዊ ላይ በተለይ ተጠንቀቂ። ለሌላ የሰውነት ክፍል የተፈቀዱ አንዳንድ ቀይና ሮዝ ማቅለሚያዎች አሜሪካ ውስጥ ለዓይን አካባቢ አልተፈቀዱም፤ ትልልቅ የሚባሉ ፓሌቶችም ጀርባቸው ላይ በጥቃቅን ፊደል «ለዓይን አካባቢ አይሆንም» ብለው ይጽፋሉ፣ ማንም አያነበውም። ደህና ፓሌት ከሆነ ከ35ቱ ሦስቱን ነው የምትፈልጊው። አንዴ በጣትሽ እየነካሽ ለዪያቸው፤ ጥሩው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ መጥፎው እንደ ጠመኔ ይበናል። ጠመኔውን በየትኛውም ብራሽ ብታሺው አይዋሃድም፣ እሱ የእጅሽ ጥፋት አይደለም።

አያቶቻችን የሚጠቀሙበትን የዱቄት ኩል እንደ ጭስ ለደበዘዘው ጥቁር የዓይን ሜካፕ የሚያደባልቁ ልጆች አያለሁ። እባካችሁ ተዉት። ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ የሚሠራው እርሳስ (ሌድ) የሚባለው ብረት ካለበት ድንጋይ ነው፣ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ዓይነቱን ኩል በመዋቢያ ውስጥ አይፈቅድም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ጉዳቱ የከፋ ነው። የሚሸጠው እርሳስ አልባ የኩል እስክሪብቶ በቂ ነው፣ እሱም ያንቺ ብቻ ይሁን። በሠርግ ጠዋት አንድ ኩልና አንድ ማስካራ በስድስት ሚዜ መሀል ሲዞር አያለሁ፤ የአንዷ ዓይን ከታመመ ወደ ሌሎቹም ሊተላለፍ ይችላል። ዓይንሽ ቀልቶ ወይም ፈሳሽ ይዞ ከነቃሽ በዚያ ቀን አይሻዶ የለም፣ ሐኪም ነው፣ ሠርግም ቢሆን።

ስለ ቀሚሱ። አረንጓዴ ስለሆነ ዓይንሽ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መሆን የለበትም። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ለአረንጓዴ ተቃራኒው ነው፤ ልብስና ዓይን ደግሞ አይታሹም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ተቃራኒነቱ ይጠቅምሻል፣ ሁለቱም ይደምቃሉ። ሰማያዊውን በጣም ከወደድሽው ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር በኩል እስክሪብቶ ቀጭን መስመር አድርጊው። እዚያ ከብርቱካናማው ጋር አይገናኝም፣ ሲስቁና ወደ ታች ሲያዩ ብቅ ይላል፣ ለእኔ ከላይ ካለው ይልቅ ያምራል።

የሠርጉ ቀን ብርሃንም ያስቸግርሻል። ሌሊት በቢጫ አምፖል የተሠራ ሜካፕ ጠዋት ፀሐይ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ነጭ አምፖል ፈልጊ፣ ሲነጋጋ መስኮት አጠገብ ሄደሽ እንደገና እዪው። ከመስታወቱ አንድ ሜትር ራቂ፤ ሰው የሚያይሽ ከዚያ ርቀት ነው፣ አፍንጫሽን መስታወት ላይ አስጠግተሽ የምታያትን ጉድለት ማንም አያያትም። ከዚያ በስልክሽ አንዴ ያለ ፍላሽ፣ አንዴ በፍላሽ አንሺ። በፍላሹ ነጭ ነጭ ያለ ቦታ ካለ ፓውደርሽ በዝቷል፣ ባዶውን ብራሽ አሂጂበት። ፎቶ ቀለም ስለሚውጥ ለፎቶ ትንሽ ይጨመራል፣ ግን ጥጉ ላይ ብቻ፣ ያንኑ የተቆላ ቡና።

ቃል የማልገባልሽ ነገርም አለ። ቆብሽ በተፈጥሮው ወዛም ከሆነ ከጠዋት እስከ መልስ ምሽት ሳይነካ የሚቆይ አይሻዶ የለም፣ ማንም ቢያስተዋውቀው። ከምሳ በኋላ እጥፋቱ ላይ ትንሽ ሊሰበሰብ ይችላል። ያኔ በንጹሕ ጣትሽ መታ መታ አድርገሽ አስተካክዪውና በስሱ ፓውደር፣ ከዚያ ወርቃማውን ጨምሪ። እህትሽ ከቤት ስትወጣ ማልቀስሽም አይቀርም። እንባውን አትጥረጊው። ሶፍት አጥፈሽ ጫፉን ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር አስጠጊው፣ ይምጠጠው። በእጅ ጀርባ ጎትተሽ ከጠረግሽው ግን የአንድ ሰዓት ሥራ በአንዴ ይሄዳል።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ሦስት ቀለም፣ ሦስት ብራሽ፣ ቫዝሊን የለም፣ ጥቁር የለም፣ አዲስ ፓሌት የለም። ከሠርጉ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሙሉውን ሥሪው። አንደኛውን በፈለግሽው ሰዓት፣ እጅሽን ለማለማመድ። ሁለተኛውን ግን በእውነተኛው ሰዓት፣ ሌሊት ተነስተሽ፣ እዚያው በምትሠሪበት ክፍልና አምፖል፣ ሰዓት ይዘሽ። ከዚያ አታጥቢው። ቤት ውስጥ ሥራሽን እየሠራሽ፣ ምግብ እያበሰልሽ እስከ ከሰዓት ድረስ ይዘሽው ዋይና የት እንደሚሰበሰብ እዪ። ሙሽራዋን የሚሠራው ሰው ቤት ሲገባ መስታወቱም መብራቱም የእሷ ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ዓይን ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት፤ የአርባ ደቂቃ ጊዜ ለራስሽ ያዢ። ብራሾቹን ከሁለት ቀን በፊት በሕፃን ሻምፑ እጠቢያቸው፣ ውሃው ፀጉሩን ብቻ ይንካ እንጂ ብረቱ ውስጥ አይግባ፣ ሙጫውን ይፈታዋል። አቁመሽ ሳይሆን አጋድመሽ ፎጣ ላይ አድርቂያቸው። በዋዜማው ማታ ካጠብሻቸው ላይደርቁ ይችላሉ፣ በረጠበ ብራሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ የጻፍኩልሽ ነገር አይሠራም።